በረመዳን የሚሻለው እግር

ባለቤቴ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ይመስለኝ ነበር። ከቤታችን እስከ መስጊዱ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ጫማ ቤቱ፣ ቀጥሎ ስልክ ጠጋኙ፣ ከዚያ የባጃጆቹ ተራ፣ ከዚያ የመስጊዱ በር። ለጁምዓ ሲወጣ ግን ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞ ነበር የሚነሣው። ጫማ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ይቆማል።

«እንዴት ሰነበትክ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ እናንተ ዘንድ ጣለ?»

ባለ ጫማው አዳማ ተወልዶ አዳማ ያደገ፣ በሬ ከሥጋ ቤት ሌላ የት እንደሚገኝ የማያውቅ ሰው ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ከብቱም ደህና ነው» ብሎ ይስቃል። ባለቤቴም አብሮት ይስቅና እንደገና ከላይ ይጀምርለታል። ስልክ ጠጋኙ ጋ ሲደርስም ያው ነው።

እኔ በዚህ ደስ ይለኝ ነበር። እሱን ተከትዬ ከወሎ ወደዚህ ስመጣ ከሙቀቱም ከአቧራውም ይልቅ የከበደኝ የሰዉ ጥድፊያ ነው። «ሰላም ነው?» ይሉሽና መልስሽን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እኛ አገር ሰላምታ እንዲህ አይደለም። ለእናቴ በስልክ «አይዞሽ፣ አገሬን በአፉ ይዞልኝ መጥቷል» ብያት አውቃለሁ።

ለካ የሚያስቆመው እግሩ ነበር። ይህን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ጥቂት እንደተራመደ የቀኝ እግሩን መሐል እንደ ጉጠት ይይዘዋል፤ ሲቆም ይለቀዋል። መንገድ መሐል ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ለወንድ ያሳፍራል። ስለዚህ የሰውን ከብት ይጠይቃል።

የተሳቢ ሾፌር ነበር፤ ከአዳማ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዳማ። ሲጃራ የለመደው በዚያው መንገድ ላይ ገና ረዳት ሳለ ነው። «አዋሽን አልፈሽ ያለውን ሜዳ ብታይው አንቺም ታጨሺ ነበር» ይለኝ ነበር። ግን ቤት ውስጥ አጭሶ አያውቅም። የምሰግድበትን ክፍል ጭስ እንዳይነካው ብሎ ግቢው ጥግ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ይቀመጣል። ሲጨርስ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ልብሱን ያራግፋል፣ ከዚያ ይገባል።

«ሐጂቷ፣ ገባሁ። መላእክቶችሽን አላስበረግግም።»

ሐጅ ሄጄ አላውቅም። ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ የሚጠራኝ እንዲያ ነበር።

ስለ ሲጃራው ብዙ አንነጋገርም ነበር። ሳምባ እንደሚጎዳ ማንም ያውቃል፤ እሱ ግን ሳል እንኳ አልነበረበትም። እግርንና ሲጃራን ማን አገናኝቶ ያስባል?

ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ የአርሲ ሴት ናት። «አካም ጂርቱ» ብላ ስትገባ ግቢው ይሞቃል። እግሩን ስነግራት ለአፍታ እንኳ አላመነታችም።

«ብርድ ነው» አለች።

«በዚህ ፀሐይ ምን ብርድ አለ አንቺ?»

«የመኪና ብርድ ነዋ! መስኮት ከፍቶ ይነዳ የለ? በመስኮት የገባ ብርድ የት ይሄዳል ብለሽ ነው? ታች ነው የሚወርደው፣ እግር ውስጥ።»

ቅቤ በነጭ ሽንኩርት አሙቃ መጣች፤ ተቀባ፣ ታሸ፣ በሻሽ ተጠቀለለ። እኔ ለውዱእ የሚታጠብበትን ውሃ ማሞቅ ጀመርኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የእግሩ ጣቶች መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆኑ ነበርና። እንዲያ ሲሆኑ ሳይ ብርድ መሆኑን ጨርሼ አመንኩ።

ብርዱ አልወጣ ሲል አንድ ክሊኒክ ሄድን፤ እኔም ያዞረኝ ስለነበር የሁለታችንም ደም ታየ። እኔን «ደም አንሶሻል፣ ጉበት ብዪ» አሉኝ። እሱን ደግሞ «አንተማ ደም አለህ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ነው» አሉት። ስንመለስ በባጃጁ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ።

«ሰማሽ ሐጂቷ? ጾሙም ሰላቱም ያንቺ፣ ደሙ የእኔ። ከቸገረሽ አካፍልሻለሁ።»

ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደም የሞላው ሰው ምን ይሆናል?

የዚያ ዓመት ረመዳን ገባ። ረመዳንን ሁልጊዜ ቤቱ ነበር የሚያሳልፈው፤ ባለ መኪናውም ስለሚያውቅለት አያስቸግረውም። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ የእግሩን ነገር ማንሳት ተወ። ወሩ ሳይጋመስ ከቤት እስከ መስጊድ አንድ ጊዜም ሳይቆም መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ከኋላው ስሄድ ባለ ጫማው ከደጃፉ ጮኸበት።

«ሰውዬ! ዛሬ ከብቶቼን አትጠይቅም? ምን ብበድልህ ነው?»

ባለቤቴ ዞር ብሎ እጁን አወዛወዘና አለፈ። እኔ ሻሼን ዓይኔ ላይ ሳብ አድርጌ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ምን እንበል? በረካ ነው አልን። የመስጊዱ ሽማግሌዎችም «ረመዳን የማይፈታው ቋጠሮ የለም» አሉ። እናቴ በስልክ እልል አለች። ያንን ወር የሰገድኩትን ያህል በደስታ ሰግጄ አላውቅም።

ዒድ መጣ። የሥራ ጓደኞቹ ከጠዋት ጀምሮ ቤታችንን ሞሉት፤ ከበርሜሉ አጠገብ ጭሱ አልተቋረጠም። የወር ውዝፍ እንዳለበት ሰው አንዱን በሌላው እየለኮሰ አጨሰ። ብዙ ሳይቆይ ጫማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከብት ሲጠይቅ አየሁት።

አሁን ሳስበው ልቤን የሚቆርጠው ይህ ነው፤ ሁላችንም በአንድ ድምፅ የተሳሳትነው። ረመዳን ሄደ፣ በረካውም አብሮ ሄደ አልን። እንግዲያስ መድኃኒቱ ጾም መጨመር ነው። ከረመዳን ቀጥለው የሚጾሙትን ስድስቱን የሸዋል ቀናት ጾመ። ከዚያ ሰኞና ሐሙስን ያዘ። በጾመ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሩ ቀለል ይለዋል። «አየሽ?» ይለኛል፤ «አየሁ» እለዋለሁ። ጎረቤቴ ሳትቀር የብርዱን ነገር ትታ «ጾሙን እንዳትተው» ማለት ጀመረች።

በረመዳን ሌሊቱንም አይነካትም ነበር፤ በእነዚህ ጾሞች ግን የሚያፈጥረው በሲጃራ ነበር። ተምርና ውሃ አቀርባለሁ፤ ተምሩን አንሥቶ በርሜሉ ጋ ይሄዳል። በአንድ እጁ ተምር፣ በሌላው ክብሪት ይዞ አዛን ይጠብቃል። ሙአዚኑ ድምፁን ሲያሰማና ክብሪቱ ሲጫር አንድ ይሆናሉ። ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ የዋለውን በዚያች ምሽት ይስበዋል። ጾም ባበዛ ቁጥር ማታው እየባሰ ሄደ። እግሩ ግን በጾም ቀን ይሻለው ነበርና ሁለታችንም ያየነው እሱን ብቻ ነው።

በተከታዩ ዒድ የገዛሁለት ጫማ አውራ ጣቱን ላጠው። ትንሽ ቁስል ናት፣ ልጅ እንኳ የማያለቅስላት። ማር ተቀባች፣ ቅባት ተቀባች፣ አልሽር አለች። አጠገቧ ያለው ጣት ጠቆረ። እሱ ሥራ ይቀርብኛል ብሎ ካልሲ አጥልቆ ወጣ። ብዙም ሳይርቅ ከወለንጪቲ ደወለልኝ።

«ዳር ይዤ ቆሜያለሁ» አለ።

«መኪናው ተበላሸ?»

«መኪናውስ ደህና ነው። ነዳጁን ስረግጠው አይሰማኝም። እየረገጥኩት ይሁን አይሁን ዓይኔ ካላየ አላውቅም።»

ሌላ ሾፌር ነድቶ መለሰው። ያ የመጨረሻ ጉዞው ነበር።

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የእግሩን ጀርባ በጣቷ ጫን አድርጋ ትርታ ፈለገች፤ ሌላውንም እግር፣ ሁለቱንም የእጅ አንጓ እንደዚያው ፈለገች። ከዚያ ቀና አለች።

«ሲጃራ ያጨሳሉ?»

እሷን ትቶ እኔን አየኝ። «ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ስንት?»

«ሾፌር ነኝ።»

«ገባኝ» አለች፤ አልሳቀችም። «ይስሙኝ። ትንባሆው የደም ሥሮችዎን ያስቆጣቸዋል። ቁስል ሲቆጣ አይተው የለም? ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል። የእርስዎ ሥሮች እንደዚያ ከውስጥ ተቆጥተዋል። በተቆጣ ሥር ውስጥ ደም ይረጋል፤ ያ የረጋ ደም መንገዱን ይደፍነዋል። መጀመሪያ የሚደፈኑት ቀጫጭኖቹ ናቸው፣ የእግር ጣት፣ ከዚያ የእጅ ጣት። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል።»

«እኔ'ኮ ደም ሞልቶኛል» አለ ባለቤቴ። ያን ጊዜ ፊቱ የልጅ ፊት መሰለኝ። «ከልክ በላይ ነው ብለውኛል።»

«እሱም ከጭሱ ነው፣ ወንድሜ። ጭሱ ደምዎ ውስጥ ገብቶ የአየሩን ቦታ ይይዝበታል። ሰውነት አየር አጠረኝ ይልና ደም ያበዛል። ደሙ ይወፍራል። ሥሩ እየጠበበ፣ ደሙ እየወፈረ...» አልጨረሰችውም።

በባጃጁ ውስጥ የሳቅነውን ሳቅ አስታወስኩ።

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። የምነግራት ነገር አለኝ። «ዶክተር» አልኳት፤ «በረመዳን እኮ ይሻለዋል። በጾመ ቀን ሁሉ ይሻለዋል።» አላህ እንዳልረሳን እንድታውቅልኝ ፈልጌ ነው።

«በጾም ቀን እሳቸው ያጨሳሉ?» አለችኝ።

«ኧረ በአላህ! ጾመኛ እንዴት ያጨሳል?»

ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እንግዲህ እሱ ነው፣ እህቴ» አለች ቀስ ብላ። «ሲጃራው ለጥቂት ሰዓት ሲቀር ሥሩ ትንሽ ላላ ይላል። ጾሙ ቀን ቀን ሲጃራውን ያስጥላቸዋል፣ እሳቸው ማታ ይመልሱታል። እኔ የምሰጣቸው ማስታገሻ ነው፤ መድኃኒቱ መተው ብቻ ነው። በቀን አንድም ብትሆን በሽታውን ታነቃዋለች። ካቆሙ እግሩ ይተርፋል።»

ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። ከሰመመኑ ሲነቃ «ለነዳጅ ሦስቱ ይበቁኛል» አለ። የሆስፒታሉ ሰው ሳቀለት፤ እኔ አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ተማከርን። ዓመቱን ሁሉ እንደ ረመዳን እንኑር፣ ማፍጠሪያው ውሃ ብቻ ይሁን ተባባልን። «ከአዛን እስከ አዛን እችላለሁ» አለኝ፤ «ከመግሪብ በኋላ ያለችውን ሰዓት ነው የምፈራት።» ያችን ሰዓት ተካፈልናት። ብርቱካን እልጥለታለሁ፣ ቅርንፉድ ያኝካል፣ መፋቂያ ይይዛል። ጎረቤቴ ራቷን ምድጃ ላይ ጥላ ትመጣና ባሏ ባጃጅ መንዳት ሊማር አህያ ጋሪ ውስጥ የገባበትን ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ ታወራልናለች። ቁስሉ ጠገገ። በተቆረጡት ጣቶች ቦታ ቀይ ሥጋ መጣ። እያጠብኩለት ያንን ቀለም ሳይ ምስጋናዬን በአፌ ሳይሆን በእጄ የማደርስ ይመስለኝ ነበር።

ሙአዚኑ ለዙህር ሲጠራ ሰላቱን ሰግዶ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ሜዳ መሄድ ለመደ። መንዳት አይችልም፤ ግን የት ይሂድ? ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። አንድ ቀን ሲመለስ አፉ እርጥብ ነበር። ተጉመጥምጧል። ሰግዶ የጨረሰ ሰው ካላጨሰ በቀር እንደገና አፉን አይጉመጠመጥም።

«አጨስክ?»

«አንዲት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ግቢው ይነግረኝ ጀመር። አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ ስወጣ በርሜሉ ጋ አገኘሁት። ዳግም ቆስሎ በሻሽ የተጠቀለለ እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ያጨሳል፤ እያጨሰ ያለቅሳል። ሲያየኝ አልደበቀውም።

«እግሬን የጠላሁት መስሎሽ ከሆነ በሞቴ አይምሰልሽ» አለኝ። «እያንዳንዷን ስለኩስ እግሬን እያሰብኩ ነው። እጄን ማን እንደሚያዘው ነው የማላውቀው።»

እርጥቡን ልብስ ታቅፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልቆጣው ብዬ አፌን ከፍቼ ዱዓ ወጣኝ። «ያ ረቢ፣ አንተ አግዘው» አልኩ። «አሚን» አለ፤ ጭሱ ከአፉ ጋር አብሮ ወጣ።

ዝናቡ ሳይገባ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

እናቴ «ይዘሽው ነይ፣ አገራችሁ ግቡ» ትለኛለች። እሱ አይሆንም አለ፤ እኔም አላስገደድኩትም። በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የወጣበት አገር ነው። እዚያ ደግሞ ሰላምታ ረጅም ነው፤ «እግርህስ?» ሳይል የሚያልፍ የለም።

ዘንድሮ ጣቶቹ ጀመሩ። የእጁ ጣቶች። ጫፋቸው ይነጣል፣ ይጠቁራል፤ በአመልካች ጣቱ ጥፍር ሥር ቁስል ወጥቷል። የሸሚዙን ቁልፍ እኔ እቆልፍለታለሁ። የተስቢሁ መቁጠሪያ ከእጁ ሲወድቅ ድምፁን እሰማና አንሥቼ መዳፉ ላይ አኖርለታለሁ። ያቺው ሐኪም አይታው «አሁንም አልረፈደም፤ ጣቶቹን ማትረፍ ይቻላል» አለች። ይህን ስትል እሱን አላየችውም፣ እኔንም አላየችኝም።

ባለፈው ሳምንት ከበርሜሉ ጋ ጠራኝ። ሐጂቷ አላለኝም፤ በስሜ ጠራኝ። ከተጋባን ወዲህ በስሜ የጠራኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ስወጣ መሬቱ ላይ የተሰባበሩ ክብሪቶች ተበትነዋል። ጣቶቹ ክብሪት መያዝ አልቻሉም።

«ለኩሽልኝ» አለ። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

ሲጃራዋ ከንፈሩ ላይ ትንቀጠቀጣለች። አጠገቡ ተንበረከክሁ።

«ሌላውን የፈለግኸውን ሁሉ» አልኩት። «አለብስሃለሁ፣ አጎርስሃለሁ፣ አጥብሃለሁ፣ ብትወድቅ እሸከምሃለሁ። ይህን ግን እጄ አይሠራውም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ባልጠይቅሽ ጥሩ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩን በራችን ላይ ያወጣል፤ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲጃራውን የሚለኩስለት መንገደኛ ይጠብቃል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለ ጫማው በእኛ በር ሲያልፍ የራሱን ሲጃራ መዳፉ ውስጥ ደብቆ «እሳት የለኝም፣ ወንድሜ፣ ትቼዋለሁ» ይለዋል። ስልክ ጠጋኙ ኪሱን ዳብሶ ራሱን ይነቀንቃል። ባጃጆቹ ማዶውን ይይዛሉ። እሱ አይቀየማቸውም፤ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ይሰጣቸዋል። ከውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ቤት ደህና? ልጆች ደህና? ሰላምታው እስከቀጠለ ድረስ እሳት እንዳላገኘ አውቃለሁ። የሰላምታው ድምፅ ለእኔ ዱዓ ሆኗል።

ረመዳን ተቃርቧል። ትናንት ከዓስር ሰላት በኋላ የገዛሁትን ተምር እየመረጥኩ ሳለ ድምፁን ሰማሁ።

«እንዴት ዋልክ? ቤት ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ እናንተ ዘንድ ጣለ?»

«አልሐምዱሊላህ! ቤቱም ደህና፣ ልጆቹም ደህና» አለ አንድ የማላውቀው ሰው። «ከብቱም ይመስገን። ዝናቡማ ዘንድሮ አሳምሮ ጥሏል፣ ጤፉም ያዘ። እናንተስ? እንዴት ናችሁልን?»

እጄ ተምሩ ላይ ቆመ። ድምፁ የአገሬ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ያንን ጥያቄ አንድ በአንድ የመለሰ ሰው በበራችን አላለፈም ነበር። ልወጣ ተነሣሁ፤ የማን አገር ሰው ነህ ልለው፣ ግባ፣ ውሃ ጠጣ ልለው።

ሰላምታው ተቋረጠ።

ክብሪት ሲጫር ሰማሁ። «አይዞህ፣ አላህ ይሽርህ» አለ የአገሬ ሰው፤ የእግሩ ኮቴ በመንገዱ ራቀ። እሱ ምን ያውቃል? እጁ ያቃተውን ሰው አይቶ አዘነለት።

ከበሩ ሳልደርስ ተመለስኩ። መግሪብ ሊደርስ ነው፤ አፉን ተጉመጥምጦ ይገባል። የውዱእ ውሃውን ጣድኩት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ጣቶቹን ያመዋል።